ሳትሞቅ ሞቄአለሁ የምትል መኪና

የገዛ ባሏን የምትናፍቅ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። አትሳቁ። እጮኛ ቢናፍቅ ደግ፣ ወንድም ቢናፍቅ ሰው ያዝናል። ባል ግን፣ ያውም አንዲት ልጃችንን ድረን ከጨረስን በኋላ፣ እንዴት ተብሎ ይወራል? አፍ አውጥቼ ብናገር የሥራ ባልደረቦቼ የምንሠራበትን ቤተ መጻሕፍት በሳቅ ያፈርሱታል። ስለዚህ በሌላ ሰው እያሳበብሁ እናፍቃለሁ።

ባሌ ኑሩ ጀልባ ሠሪ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ነው። ጎርጎራ ላይ አንድ ትልቅ ጀልባ ከውሃ ወጥቶ ጠግንልን ተባለና ሄደ። ለረመዳን ኢድ ብቅ ብሎ ተመለሰ። አንዱ ጣውላ ሲነሣ ከሥሩ ሌላ የበሰበሰ ይገኛል፤ እሱ ሲነሣ ደግሞ ሌላ። ባለ ጀልባው ክረምት ሳይገባ ካልጨረስህልኝ ብሎ ያዘው። በመጨረሻ ለአረፋም መምጣት እንደማይችል ነገረን። እንግዲያው እኛ እንመጣለን አልነው።

እኛ ማለት እኔና አማቴ ነን። እማማ ፋጡማ አብረውኝ ነው የሚኖሩት። ግራ ጉልበታቸው አልታጠፍም ካለ ቆየ። በሚኒባስ ሂዱ ትሉኝ ይሆናል፤ ሚኒባስ ውስጥ ጤነኛ እግር የሚያስቀምጡበት መች አለና ነው የታመመ የሚዘረጉት? በሐይቁስ? እማማ ፋጡማ የጀልባ ሠሪ ሚስት የነበሩ፣ የጀልባ ሠሪ እናት ናቸው። ጀልባ እንዴት እንደሚሠራ ስለሚያውቁ አይሳፈሩም። እንግዲህ የቀረችን የኑሩ አሮጌ መኪና ናት። እሳቸው ከኋላ ወንበር እግራቸውን ዘርግተው፣ እኔ እየነዳሁ። ትቻቸው እንዳልሄድ ደግሞ ልጃቸውን ለማየት እንዴት እንደሚጓጉ አያለሁ። እንዲያ ያለ አንጀት የለኝም።

ማታ ማታ ኑሩ ሲደውል ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን መሃላችን እናስቀምጠዋለን። እኔ እናትህን ናፍቀሃቸዋል እለዋለሁ። እሳቸው ቀበል ያደርጉና፣ የናፈቅሃትስ ዘይነባን ነው፣ እህል አልቀምስ ብላ ከስታለች ይሉታል። እኔ? እንዲያውም ወፍሬአለሁ። እሱስ ምን ቢል ጥሩ ነው? የቤት ሽሮ ናፈቀኝ ይላል። ሽሮ! ጎርጎራ ሽሮ የለም? የሦስታችንም ነገር እንደዚህ ነው።

መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፤ ማርሹን ራሷ ትቀይራለች፣ ሲከፋት ደግሞ አልቀይርም ትላለች። መጀመሪያ የወጣን ዕለት ሐሙሲት ልንገባ ስንል ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ብርቱካንማ መብራት በራች። የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ዘይት ሞቋል ማለቷ ነው። ወዲያው ጉልበቷ ደከመ፤ ብረግጣት ብረግጣት ትንፏቀቃለች እንጂ አትሄድም። ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትሁ።

ኮፈን ከፍታ የቆመች ሴት ያየ ወንድ ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ መጣና ውሃ ጨምሪበት አለኝ። የቱ ላይ? ስለው፣ ያው እዚያው አለኝ። ሌላው ቀስ ብለሽ ባትነጂ ነው አለ። እኔ ደግሞ እማማ ፋጡማን ጭኜ እንኳን መብረር፣ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ቢስሚላህ እያልሁ ነው የምሻገረው። ሦስተኛው ዙሪያዋን ሁለቴ ዞሮ ባልሽ የት ነው? አለኝ። እንዴ! ታዲያ እኔ ምን ፈልጌ ነው መንገድ ዳር የተገተርሁት?

ተመለስን። ኑሩ በስልክ ዘይቱ አርጅቶ ነው፣ ወላሂ ሌላ አይደለም ብሎ ማለ። ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ጋራዥ ወስጄ አስቀየርሁት። እንደገና ወጣን፤ ወረታ ደረስን። መብራቷም ደረሰች። ተመልሰን ስናሳየው የጋራዡ ሰው ካምቢዮው ወርዶ ተፈትቶ መታየት አለበት፣ እሱም ከአረፋ በኋላ ነው አለ። እማማ ፋጡማ ያን ማታ እራታቸውን ገፋ አደረጉት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዘይነባ ታሳዝነኛለች አሉ። ልጄን ሳላየው ቀረሁ ማለታቸው ነው። አልቅሼ ነበር፤ ጓዳ ገብቼ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። መኪናዋ ከተበላሸች ወዲህ የኑሩ ስልክ ረዘመ። ዱሮ ደህና ናችሁ፣ ደህና እደሩ ነበር። አሁን ዘይቱ ምን ይመስላል ይላል። ቀይ ነው፣ ጥርት ያለ እለዋለሁ። ጠረኑስ? የተቃጠለ ይሸታል? አይሸትም። ስትሄድ ምን ድምፅ ሰማሽ? መሪው ላይ ምን ተሰማሽ? በሃያ ምናምን ዓመት ትዳር ምን ተሰማሽ ብሎኝ አያውቅም! ስለ ካምቢዮ ይሁን እንጂ ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻችኋለሁ።

አረፋ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጧት ሱብሂ ሰግጄ እንደጨረስሁ፣ በቃ ዛሬ እነግረዋለሁ አልሁ። በራሴ አፍ። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ እማማ ፋጡማ ደግሞ የታመመው ጉልበታቸው እንጂ ጆሯቸው አይደለም። ግቢ ወጥቼ መኪናዋ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ስልኬ ባትሪው ሊያልቅ ስለነበር ቻርጅ እንዲያደርግልኝ ሞተሩን ሳላስነሣ ቁልፉን አዞርሁ። ደወልሁ። ኑሩ ደንግጦ አነሣው። እናቴ ደህና ናት? ደህና ናቸው። ታዲያ ምነው በጧቱ?

ልቤ ድው ድው ይላል፤ እንደ ልጃገረድ። ኑሩ፣ እኔ ራሴ ምን ልልህ መሰለህ፣ ብዬ ጀመርሁ። ዓይኔ ዳሽቦርዱ ላይ አረፈ።

«ኑሩ! በርታለች!»

«ማን?»

«መብራቷ! ሞተሩ እኮ አልተነሣም! ሌሊቱን ሙሉ ጤዛ ሲወርድባት ያደረች መኪና ሞቄአለሁ ትላለች!»

ኑሩ ጮኸ። ከእንቅልፉ የነቃው አሁን ነው። ካርቶን አንጥፈሽ ከሥር ግቢ አለኝ፤ ገባሁ። ካምቢዮውን ንኪው አለኝ፤ ነካሁት፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ከጎኑ አውራ ጣት የምታህል ነገር አለች፣ ሙቀቱን የምትለካው ሴንሰር እሷ ናት፣ ሶኬቷን ንቀያት አለኝ። መብራቱን የሚያይ ሰው አስፈለገ። ልጠራቸው ቀና ስል እማማ ፋጡማ በምርኩዛቸው መጥተው መስኮቱ ሥር ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላህ ይወቀው።

ነቀልሁ። «ጠፋች!» አሉ። ሰካሁ። «በራች!» ነቀልሁ። «ጠፋች፣ አልሃምዱሊላህ!» እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ኑሩ ሲያስረዳን፣ ሶኬቷ ተነቅሎ መብራቱ ከጠፋ ሽቦው ጤነኛ ነው፣ ካምቢዮውም አልሞቀም፣ ውሸታሟ ራሷ ሴንሰሯ ናት አለ። መኪናዋ እሷን አምና ነው ሞቅሁ ብላ ጉልበቷን የምትቆጥበው። ደህናዋን መኪና ከሐሙሲትም ከወረታም የመለሰችን እሷ ናት። ከዚያ ኑሩ አስታወሰ፤ ቅድም ምን ልትዪኝ ነበር? አለኝ። እኔ ካርቶን ላይ ተንጋልያለሁ፣ እማማ ፋጡማ ከራሴ በላይ ቆመዋል።

«እናትህን ናፍቀሃቸዋል» አልሁት።

አዲስ ሴንሰር ተገጠመላት። ሐሙሲትን አለፍን፣ ወረታን አለፍን፤ ወረታ ላይ እማማ ፋጡማ ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ያደርጉ ነበር። መብራቷ ትንፍሽ አላለችም። በአረፋ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ ገባን።

ኑሩ ከጀልባው ሥር ብናኝ ለብሶ ወጣ። ከስቷል። በኋላው በር ገብቶ እናቱን አቀፋቸው። እማማ ፋጡማ ጠጉሩን ይደባብሳሉ። ጉልበቴ እስኪፍታታ እዚሁ ልቀመጥ አሉት በኋላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ባለ ጀልባው ያየናል፣ ሠራተኞቹ ያዩናል፣ መረብ የሚጠግኑት ዓሣ አጥማጆች ሥራቸውን ትተው ያዩናል። ኑሩ ጨበጠኝ። አዎ፣ በእጁ ጨበጠኝ! እንኳን ደህና መጣሽ አለኝ፣ እንደ ቢሮ ሰው። ቀጥሎ እስቲ ኮፈኑን ክፈቺልኝ አለ።

ተናደድሁ። ያን ሁሉ መንገድ የነዳሁት ኮፈን ልከፍትለት ነው? ከፈትሁለት። አንገቱን ቀልሶ ገባና ቆየ። ቢቆይ፣ ምን አግኝቶ ነው ብዬ ጎንበስ ብል፣ ምንም አያይም። እንባው ባትሪው ላይ ይንጠባጠባል።

«ናፍቀሽኝ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ።

እኔም አንገቴን አስገባሁ። ትከሻው ላይ ተደፋሁ። እኔም፣ እኔም አልሁት።

ከኋላ ወንበር እማማ ፋጡማ ጮኹ። «ምነው? ደግሞ ተበላሸች እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ ክፉኛ ነው የተበላሸችው» አልኋቸው። «ትንሽ ታቆየናለች።»