ፋብሪካው ለምን እንደሄደ የሚያውቁት አቶ ቨርሎን

ፋብሪካ የተዘጋበት ከተማ ሁሉ ሁለት ነገር አያጣም፤ አንድ ሣር የበቀለበት የመኪና ማቆሚያ፣ አንድ ደግሞ ፋብሪካው ለምን እንደሄደ የሚያውቅ ሰው። ማቆሚያው ይሻላል። ቢያንስ ዝም ይላል።

የእኛው ሰው አቶ ቨርሎን ቲድሞር ይባላሉ። እኛ አላባማ ውስጥ፣ ቢርድ ሆሎው በምትባል ከተማ፣ በደጉ ዘመን የአሜሪካን ግማሽ እግር ካልሲ እናለብስ ነበር። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነውና ምናልባት ሩቡን ይሆናል። አቶ ቨርሎን በትልቁ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የካልሲ ማሽን መካኒክ ነበሩ። ፋብሪካው ማሽኖቹን ነቃቅሎ ባሕር ሲሻገር ሌሎቻችን ሥራ አጣን። እሳቸው አዲስ ሥራ አገኙ፤ ማስረዳት።

ዩኒቨርሲቲያቸው ነዳጅ ማደያው ጋ ያለችው ቁርስ ቤት ናት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱ ሥር ይሰየማሉ፤ ብስኩትና ቋሊማ የገባበት ነጭ መረቅ ይቀርብላቸዋል፤ በሹካቸው መረቁ ላይ የዓለምን ካርታ ይስላሉ። ቻይና ሁልጊዜ የቋሊማዋ ቁራጭ ናት። ትምህርቱ ሲያልቅ ይበሏታል።

ሰኞ ሰኞ ጥፋቱ የዋሽንግተን ነው፤ የንግድ ውል ፈርመው ሸጡን። ማክሰኞ የሠራተኛ ማኅበሩ ነው፤ ደመወዝ ጨምሩ እያለ ባለቤቶቹን አባረራቸው። ቢርድ ሆሎው ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ኖሮ አያውቅም። ይህን ብነግራቸው፣ ሊቋቋም ይችላል ብለው ፈርተው ነዋ የሄዱት፣ አሉኝ። ረቡዕ ጥፋቱ ያለካልሲ ክፍት ጫማ የሚያደርጉ ሴቶች ነው፤ ይህን ሲሉ እግሬን አዩ። ሐሙስ የባለቤቱ ልጅ ነው፤ ሰሜን ተምሮ ሹል ጫማ አድርጎ የተመለሰው። ዓርብ ደግሞ እኛው ሸማቾች ነን፤ አሥራ ሁለት ጥንድ ባምስት ዶላር ሲሉን የምንሮጠው። አንድ ዓርብ ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር የራሳቸውን እግር ባየው ያቺው ያሥራ ሁለቷ ካልሲ ናት፤ ተረከዟ ተበስቷል። ለምርምር ነው፣ አሉ።

ሁሉንም የሚዘጉት በአንድ ቃል ነው። “ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ነግሬያቸው ነበር።” ሚስታቸው ዊዳ እንዳጫወተችኝ ከሆነ፣ በሰማንያ ዘጠኝ ለአለቆቹ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የለስላሳ መሸጫ ማሽኑ ሳንቲማቸውን እንደበላ።

ቦታ አይመርጡም። የማቅለሚያ ክፍሉ ሆይት ሲሞት ቄሱ ሞኝነት አሸነፋቸውና ስለ ሟቹ ሁለት ቃል እንዲናገሩ ጋበዟቸው። ሆይት የሞተው በልብ ሕመም ነው። አቶ ቨርሎን ተናግረው ሲጨርሱ ግን በውጭ ካልሲ ቀረጥ ማነስ ሞቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ስቀን ባለፍነው ነበር፤ የሉዲ ነገር ባይኖር።

ሉዲ ክራብትሪ ማለት ትልቁ ፋብሪካ ሲሄድ የመርከብ ዋጋ አያወጡም ብሎ የተዋቸውን አሥራ ሁለት አሮጌ ማሽኖች ገዝታ፣ ድሮ የከብት መኖ በሚሸጥበት መጋዘን ውስጥ የተከለች ሴት ናት። ስምንት ሴቶች እንሠራላት ነበር። የእኔ ዘጠነኛዋ ማሽን ነበረች። ማሽኖቹ ከዕድሜያቸው ብዛት ጠባይ አውጥተዋል፤ ጠባያቸውን የሚችል መካኒክ ደግሞ በአገሩ የቀረው አንድ ነው። እጁን እንፈልገዋለን፣ አፉን እንፈራዋለን።

ባለፈው ጸደይ ትልቁ ደንበኛዋ ትቷት ሄደ። ሚኒሶታ ውስጥ የብዙ ጫማ ቤቶች ግዢ ኃላፊ የሆነች ሃልቨርሰን የምትባል ሴት ሥራችንን ልታይ እንደምትመጣ ተሰማ። ካዘዘች ስምንታችንም እንቆያለን። ካላዘዘች ሉዲ ማሽኖቹን ለነጋዴ ትሸጣለች፤ ነጋዴው ወዴት እንደሚጭናቸው ደግሞ አይጠየቅም። ስለዚህ ሉዲ በዋዜማው አንድ ትሪ የኮክ ኬክ ይዛ አቶ ቨርሎን ቤት ሄደች።

“ቨርሎን፣ ወንድሜ፣ ነገ እጅህን ይዘህ ና። አፍህን ዊዳ ትጠብቅልህ።”

በእናታቸው መቃብር ማሉ። ኬኩንም ጨረሱ።

ሴትዮዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ጨዋ ናት። ካልሲያችንን ገልብጣ የጣቱን ስፌት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ጉንጯ ላይም አደረገችው። ሉዲን አየኋት፤ ፊቷ በርቷል። አቶ ቨርሎን ሦስተኛዋ ማሽን አጠገብ ከንፈራቸውን ነክሰው እንደ ቲማቲም ቀልተዋል። አርባ ደቂቃ ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በከተማው ታሪክ አልታየም።

ከዚያ እንግዳዋ፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ዞር ብላ ራሷ ጠየቀች።

“ግን ሥራው ሁሉ ከዚህ ለምን ሄደ?”

ሉዲ ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ቨርሎን ከሰኞ ጀመሩ። መረቅ ስለሌለ ካርታውን በማሽን ዘይት የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሣሉት። ማክሰኞ ላይ እንግዳዋ ቦርሳዋን አነሳች፤ ሐሙስ ላይ ሰዓቷን አየች፤ ዓርብ ላይ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ በር ላይ ነበረች። እሳቸው እስከ መኪናዋ ሸኟት፣ መስኮቷም እስኪዘጋ አስረዷት።

በሳምንቱ ደውላ አይሆንም አለች።

ከተማው ፈረደ። እውነቱን ለመናገር መዝገቡን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በጸጉር ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ባገኘሁበት ሁሉ ስምንት ሴት በአንድ ምላስ ተባረረች እያልኩ አወራሁ። ቁርስ ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር ብቻቸውን ተቀመጡ። ቡናቸውን የሚሞላላቸው ጠፋ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ሉዲ ስልኩ ላይ የተባለውን ነገረችኝ። ሴትዮዋ የአቶ ቨርሎንን ንግግር በክፉ አላነሳችም፤ አያቴን መሰሉኝ ነው ያለችው። ካልሲውንም ወዳዋለች። ነገር ግን በእናንተ አንድ ጥንድ ዋጋ ከባሕር ማዶ አራት ጥንድ ደጄ ድረስ ያመጡልኛል፣ ብላለች። በቃ። ሰውየው አሥራ አምስት ዓመት ሲያስረዱ ያልደረሱበትን ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ይህንንስ አወራሁ? አላወራሁም። ሐሜት እግር አውጥቶ ከሄደ በኋላ እየሮጡ መመለስ ያደክማል። ደግሞም አራት ጥንድ በአንድ ጥንድ በሚባል ነገር ላይ ማን ይቆጣል? ቨርሎን ላይ መቆጣት ይቀላል።

ማሽኖቹ ተሸጡ። የጭነት መኪናው ዓርብ ጠዋት ይመጣል ተባለ። ነጋዴው ማሽኖቹን ለመንገድ የማሰናዳቱን ሥራ ለአቶ ቨርሎን ሲሰጥ፣ ሳምንቱን ሙሉ ኩርፊያውን ትቶ ደጃቸውን ያልረገጠ የለም። አንድ ብሎን ቢላላ ማን ያውቃል? አንዲት መርፌ ብትጣመም ማን ያያል? ይሏቸዋል። እኔም ሄጄ መክሬያለሁ። ነገሩን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ሰሙኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የወንበሬን ትራስ ልወስድ መጋዘኑ ገባሁ። አቶ ቨርሎን አራተኛዋ ማሽን ፊት ተንበርክከዋል። ብሎን የሚያላሉ መስሎኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። ቀረብ ስል ወረቀት በፕላስተር እየለጠፉ ነው፤ ከማሽኗ በር በውስጥ በኩል። በትልልቁ ተጽፏል፤ “ይህቺ ቀዝቃዛ ዘይት አትወድም። ጠዋት አሙቁላት። ድምጿ ያስፈራል እንጂ ምንም አትሆንም።” ቃሉን ለማያነብ ደግሞ ከሥሩ ሥዕልና ቀስት አለው።

“አብደሃል?” አልኩ። “ለወሰዱብን ሰዎች ትጽፍላቸዋለህ?”

ቀና አላሉም። “አንዲት ሴት ትመደብባታለች። እምቢ ስትላት የሚጮሁት በማሽኗ ላይ አይደለም፤ በሴትዮዋ ላይ ነው።”

ፕላስተሩን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው አሻሹት።

“ያን ጊዜም ጽፌያለሁ። ለትልቁ ፋብሪካ። ሁለት መቶ አሥር ወረቀት። ባሕር ማዶ ያሉት ማሽኖቹን በዘጠኝ ቀን አስነሷቸው አሉ። ለማንም እንዳትነግሪ።”

ለእኔ ነው እንዲህ የሚሉት። ለእኔ።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለምን ከራሱ ሌላ ጥፋተኛ ሲያሳድድ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ። አሁን አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ሲቀለድበት ነው ያማረው። ቨርሎን ከአሥረኛዋ ወደ አሥራ አንደኛዋ በጉልበቱ እየተሳበ ሲያልፍ እኔ አሁንም ትራሴን ይዤ ቆሜ ነበር። መውጣት ነበረብኝ። የዘጠነኛዋን በር ከፍቼ ወረቀቷን አነበብኩ።

“ሰባተኛዋን መርፌ አልጻፍክም።”

“ምን ትሆናለች?”

“ዝናብ ሲሆን ተረከዙ ላይ ክር ትነክሳለች።”

እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ። “እና ምን ታደርጊያታለሽ?”

“ሩብ ዙር ወደ ግራ። ከዚያ ከጎን አንዴ መታ።”

“በምን?”

“በጫማዬ።”

ጻፈው። ያቺ ሴት ግራ እንዳይገባትም ከጎኑ የሴት ጫማ ሣለ፤ ተረከዙን አሳምሮ።