ሊቀ ለቀስተኞች ምንዋጋውና ስልሳ ኩንታል ማሽላ

ለቅሶ የማያልፈው ሰው የሌለበት አገር የለም። አለ የሚል ካለ አገሩን ያሳየንና ሄደን እንይ። ይህ ሰው ሟቹን አያውቀውም፤ የሟቹን ዘመዶችም አያውቃቸውም፤ ብቻ ዋይታ ከሰማ እግሩ አይታዘዝለትም። ከባለቤቶቹ ቀድሞ ደረቱን ይደቃል፣ ከባለቤቶቹ ቀድሞ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ሲመሽም ከሁሉ ኋላ "በሉ እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ይወጣል።

በሌላው አገር ይህ ሰው እግረኛ ነው፤ ጉዳቱም እግሩ እስከወሰደው ድረስ ነው። እኛን የሰቆጣን ሰዎች ግን እግዜር ለይቶ ጎበኘንና የኛውን ባለ መኪና አደረገብን።

ክቡር ሊቀ ለቀስተኞች አቶ ምንዋጋው (ማዕረጉን የሰጠነው እኛው ነን፤ ደመወዝ የለውም) ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነበረው። ሁለት ጥማድ በሬና የአባቱን ጠመንጃ ሸጦ ነው የገዛው። የራያን ማሽላ ከቆሬም ወደ ሰቆጣ ያመጣል፤ ሲመለስ ማርና ቆዳ ይወስዳል። አለቃ የለበት፣ ራሱ ሾፌር፣ ራሱ መካኒክ፣ ራሱ ጌታ፣ ራሱ ሎሌ። ሌላ መኪና በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እሱ በአራት ቀን ይጨርሰዋል። መኪናዋ ደክማ አይደለም፤ መንገድ ዳር ሰው ስለሚሞት ነው።

"ቀብር ይቸኩላል፤ ማሽላ አይቸኩልም" ይላል ሲጠይቁት። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

ጋቢናው ውስጥ ሁለት ነጠላ ነበረው፤ አንዱ የመንገድ፣ አንዱ የለቅሶ። ዳስ ካየ ሞተሩን ያጠፋል፣ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፣ የለቅሶውን ነጠላ አዘቅዝቆ ይለብሳል፣ ከዚያ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ይገባል። ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። አንድ ጊዜ ሟቿ ሴት ሆና ተገኘች፤ ምን ገዶት፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ "እህቴን!" ብሎ ቀጠለ። በአገውኛ ጀምሮ በአማርኛ ስለሚጨርስ የሚቀየምበት ወገን አልነበረም።

ሌላ ጊዜ ከሩቅ ያየው ዳስ የሰርግ ሆነና እያለቀሰ ገብቶ ሙሽሪት ፊት ደረቱን ደቃ። የሙሽሪት እናት "ምን ሰምቶ ነው?" ብላ ተዝለፈለፈች። ምንዋጋው ነገሩ ሲገባው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ልጅ መዳርም ያው መለየት ነው" አለና ቁጭ ብሎ በላ። በሬ ገደል ለገባበት አንድ ገበሬ ደግሞ ወርዶ ለበሬው እንዲህ አለቀሰለት፤ ገበሬው "አባቴም እንዲህ አልተለቀሰላቸውም" ብሎ ቅር ተሰኘ።

ጭነቱ ላይ የተሳፈረ ሰውማ አብሮ ወርዶ ማልቀስ ግዴታው ነው። ከደሴ ተመድቦ የመጣ አንድ ጸሐፊ አልጋውን ማሽላው ላይ ጭኖ ተሳፈረና በመንገድ አምስት ሰው ቀብሮ ሰቆጣ ገባ።

"የት ቆየህ?" አለው አለቃው።

"ሐዘን ላይ ነበርኩ።"

"ማን ሞቶብህ?"

"እሱን አልነገሩኝም ጌታዬ።"

የምንዋጋው ሚስት ብርሃነሽ ሲመራት፣ "አንተ ሰው፣ የሞተው ሁሉ ዘመድህ ከሆነ በሕይወት ያለነውስ ምንህ ነን?" ትለዋለች። እሱም ከልቡ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ "እናንተማ ተራችሁ ይደርሳል" ይላታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሾፌር የትኛው ነጋዴ ይችለዋል? አንድ በአንድ ተዉት። በመጨረሻ የቀሩለት አቶ ደጅይጥኑ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ማሽላቸው ሦስት ጊዜ ገበያ ካለፈ በኋላ ስለደረሰባቸው ትዕግሥታቸው አልቋል።

"ስማኝ ምንዋጋው" አሉት። "በመጪው ማክሰኞ ገበያው ሳይቆም ስልሳ ኩንታሉ ደጄ ላይ ካልተራገፈ ከአንተ ጋር ጨርሰናል። ቆሬም ላይ አዲስ መኪና የገዛ ልጅ አለልህ፤ ለለቅሶ ቀርቶ ለጅብም አይቆም።"

"ጌታዬ፣ ቀብር እኮ..."

"አፍህን ዝጋ! ከአምደወርቅና ከኒሯቅ አህያቸውን እየነዱ የሚመጡብኝ ገዢዎች አሉ። ለነሱ ምን ልበላቸው? ማሽላው ለቅሶ ተቀምጧል ልበላቸው?"

ምንዋጋው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ይህ ጭነት ከእጁ ከወጣ መኪናዋ ዋርካ ሥር ቆማ ዶሮ ትፈለፍልባታለች። በሬዎቹ ተሸጠዋል፤ ወደ እርሻ የሚመለስበት መንገድ የለውም። "ሰማይ ቢደፋ አልቆምም" ብሎ ቃል ገባ።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ስልሳ ኩንታሉን ጭኖ ከቆሬም ተነሣ። የመጀመሪያውን ለቅሶ ነጠላውን ነክሶ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ አለፈው፤ ጭነቱ ላይ የነበሩት ሁለት መንገደኞች ያን ጊዜ ለራሳቸው ጸሎት ጀመሩ። ሁለተኛው ዳስ ጋ ሲደርስ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ነፋ። "ነፍስ ይማር" ማለቱ ነበር፤ ለቀስተኛው ግን በድንጋይ ሸኘው። ሦስተኛው ላይ እንባው እየወረደ ነዳ፤ ቢሆንም አልቆመም። መንገደኞቹ በመሸበት መንደር ወርደው "ቀሪውን በእግራችን" አሉት።

ማክሰኞ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰቆጣ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መንገዱን ይዘው አገኘ። ስድስት ብቻ ናቸው። ከፊታቸው ቄስ አሥራተ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ያዘግማሉ። ዋይ የሚል አንድ ሰው የለም፤ ይህ ነው ያስደነገጠው።

"አባ፣ ማን ናቸው?" አለ በመስኮቱ።

"እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው። ትናንት ሲመሽ አረፉ።"

"የአቶ ደጅይጥኑ እናት?"

"አዎ። እኩዮቻቸው ሁሉ አልቀዋል፣ ያላቸው አንድ ልጅ እሱ ነው። ሬሳው ደግሞ አይቆይም። እንግዲህ አፈር የሚያለብሳቸው ልጅ ሳይኖር ልንቀብራቸው ነው። አንተ እለፍ ልጄ፣ ጭነት አለብህ።"

ምንዋጋው ፀሐይዋን አየ፣ ጭነቱን አየ፣ ቃሬዛውን አየ። ሄዶ ልጃቸውን ያምጣ? ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ነው፤ ያውም ትሬንታ ኳትሮዋ ከፈቀደች። ደግሞስ የእናት መርዶ በቀትር፣ በገበያ መሐል፣ በሾፌር አፍ ይነገራል? ዝም ብሎ ቢያልፍ ማንም አይፈርድበትም፤ ገበያውም ይደርሳል፣ እንጀራውም ይድናል።

"አባ፣ ጭነቱ የልጃቸው ነው" አለ በመጨረሻ። "ትንሽ ቢቆይላቸው አይቀየሙም።" ሞተሩን አጠፋ።

ከዚያ "እናቴን!" አለ። የሱን ድምፅ የሰማ መንደር ቤቱ አይቀርምና ሰዉ ከየአቅጣጫው ወጣ፤ ስድስቱ ሰዎች ሁለት መቶ ሆኑ። ቃሬዛውን በራስጌ በኩል ተሸከመ። ጉድጓድ ወርዶ አሮጊቷን አስተኛቸው፣ የመጀመሪያውንም አፈር አለበሳቸው። ልጅ ሆኖ ቀብሮ እንደ እንግዳ ውልቅ ማለት ነውር ነውና ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ ንፍሮ ዘገነ፤ እስከ ስምንት ሰዓት ያስተዛዘነውን ሁሉ ተቀበለ።

ሲነሣ ቄሱ እጁን ያዙት። "መርዶውን አንተ ይዘህ ትሄዳለህ። ለልጃቸው ለደጅይጥኑ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ለአጎቱ ለአቶ ገብረ አምላክ ንገራቸው፤ እሳቸው ሽማግሌ ሰብስበው ነገ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ድረስ ሄደው በወጉ ይነግሩታል። በድንገት የተነገረ መርዶ ሰው ይገድላል።"

"እሺ አባ።"

"እንባህንም ዋጥ። አንተ ካለቀስክ አገር ያውቃል።"

ይሄኛው ትእዛዝ ከመጀመሪያው ከበደው።

ሰቆጣ ሲደርስ ገበያው ተበትኗል፣ የአምደወርቅ አህዮች ከሌላ ነጋዴ ጭነው ሄደዋል። አቶ ደጅይጥኑ በባዶው ሚዛናቸው አጠገብ ቆመው እየጠበቁት ነው። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ጠቡን ለማየት ዙሪያውን ቆሟል፤ እኛም እዚያው ነበርን፣ ምን እንዋሻለን።

"እሺ ሊቀ ለቀስተኞች!" አሉ አቶ ደጅይጥኑ። "ዛሬስ የማንን እናት ስትቀብር ዋልክ?"

ያ አገር የሚያውቀው "እናቴን!" ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ደረሰ። ዋጠው። ተመልሶ መጣ፤ ደግሞ ዋጠው። አንዲት ቃል ብትወጣው አቶ ደጅይጥኑ እግሩ ላይ ይወድቁ ነበር፤ ጭነቱም፣ መኪናዋም፣ እንጀራውም ይተርፉ ነበር።

"ጎማ ነው ጌታዬ" አለ።

"ምን ሆነ ጎማው?"

"ፈነዳ።"

"የትኛው?"

ምንዋጋው አንዱን ጎማ በጣቱ አሳየ። አቶ ደጅይጥኑ በእግራቸው መቱት፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

"ይሄ ነው የፈነዳው?"

"መልሼ ነፋሁት።"

"በምን ነፋኸው?"

"በአፌ።"

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። እኛም ሳቅን፣ እግዜር ይቅር ይበለን። አቶ ደጅይጥኑ ግን ጠጋ ብለው ፊቱን አዩት። "ዓይንህ ምን ሆኖ ነው የቀላው?"

"አቧራ ነው።"

"ነጠላውንስ ምን አድርግ ብሎህ አፍህ ውስጥ ትጠቀጥቀዋለህ?"

"ጥርሴን አሞኝ።"

"እናቴ ትሙት!" ብለው ጮኹ አቶ ደጅይጥኑ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው። "እናቴ ትሙት፣ ከዛሬ ወዲያ አንዲት ጆንያ ባስጭንህ!"

ምንዋጋው እንደ ተመታ ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ "እሺ ጌታዬ" ብሎ ጆንያውን እያወረደ ደጃቸው ላይ ደረደረ። ስልሳውንም። ሲጨርስ በጓሮ በኩል አቶ ገብረ አምላክ ቤት ሄደ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈው የምታውቀው ብርሃነሽ ብቻ ናት፤ እሷም "ትራሱን በላው" ከማለት በቀር የተናገረችው የለም።

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ አቶ ደጅይጥኑ በር ላይ ቆሙ፤ ምንዋጋው ከሁሉ ኋላ። አቶ ገብረ አምላክ ሌሊቱን ሙሉ ያሰናዱትን ንግግር ጀመሩ። "ልጄ ደጅይጥኑ፣ መቼም የሰው ልጅ ዘመኑ እንደ ሣር ነው፣ ጧት አብቦ..."

"እናቴን!!" የሚል ድምፅ ከኋላቸው ወጣ። ውሻው ሁሉ ጮኸ፣ የታችኛው ሰፈር ሳይቀር በሩን ከፈተ። "ኧረ አላስጨርስ አልከኝ!" አሉ አቶ ገብረ አምላክ ከዘራቸውን እየወዘወዙ፣ ሆኖም የሚጨረስ ነገር አልቀረም። አቶ ደጅይጥኑ ተረድተው መሬት ላይ ወድቀዋል።

ረፋዱ ላይ ድምፃቸው ተዘግቶ ሐዘን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ ከሁሉ በላይ የከበዳቸውን ጠየቁ። "እናቴን ማን አፈር አለበሳት? ልጅ እንደሌላት ቀበሯት?"

አቶ ገብረ አምላክ በከዘራቸው ጥግ ላይ አመለከቱ። እዚያ ሁለት ጎረምሶች ምንዋጋውን ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘውታል፤ ባለ ሐዘኑ እሱ የመሰላቸው ሴቶች ፊቱ ላይ ውኃ ይረጩበታል።

አቶ ደጅይጥኑ ያ የትናንቱ ንግግራቸው ትዝ አላቸው። ተነሥተው ሄዱና ፊቱ ቆሙ። "ምንዋጋው" አሉት። "ማታ ምን ነበር ያልኩህ?"

"ኧረ ምንም አላሉኝም ጌታዬ። ስለ ጎማ ነው የተጫወትነው።"

አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። እኛ ትናንት የሳቅነው ሁሉ አንገታችንን ደፋን።

ያ መሐላ ግን መላ ሊፈለግለት ይገባ ነበር። አቶ ደጅይጥኑ የነፍስ አባታቸውን ጠሩና፣ "አባ፣ እናቱ መሞቷን ሳያውቅ ‘እናቴ ትሙት’ ብሎ የማለ ሰው መሐላው ይይዘዋል?" አሉ። የነፍስ አባታቸው ጢማቸውን እያሹ፣ "መሐላህ ሲደርስ እናትህ ቤት የሉም" አሉ። "ይሁን እንጂ ስለ አፍህ መቶ ስገድ።" አቶ ደጅይጥኑ መቶውን ሰገዱ፤ በሳምንቱ ምንዋጋው ለስልሳ ኩንታል ማሽላ ወደ ቆሬም ወረደ።

ማሽላው ከዚያም በኋላ ረቡዕ ወይ ሐሙስ እንጂ ማክሰኞ ደርሶ አያውቅም፤ አቶ ደጅይጥኑም የት ቆየህ ብለውት አያውቁም። ከሁሉ የሚገርመው የኛ ነው። ስናሾፍበት የኖርን ሰዎች፣ ዕድሜ ሲጫነን ጊዜ፣ ስለዚያች አሮጌ መኪና ፍሬን መጨነቅ ጀመርን። ምንዋጋው ጉንፋን ከያዘው በየቤቱ ሹክሹክታ ነው። ሰቆጣ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ለአዝመራው፣ ለልጆቹ፣ ለከብቱ ከለመነ በኋላ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጌታዬ ሆይ፣ አደራህን ከምንዋጋው በፊት ውሰደኝ" ይላል።