አስካለን ፍለጋ በዝዋይ ዳር

እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ውሃ ካላየን በዓል የዋልን አይመስለንም። ክረምቱ ሲወጣ ለምለም ሣር ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ሆራ የሚወርደውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ይመሰክርልኛል። ጥር ላይ ታቦት አጅበን የዝዋይን ዳርቻ እናጥለቀልቃለን። ኅዳር ላይ ደግሞ ጀልባ ላይ ተፋፍገን ደሴቷ ላይ ያለችውን ጽዮንን ልንሳለም እንሻገራለን። በመሀል በዓል ያጣ ሰው ሶደሬ ሄዶ ፍል ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ እሱም በራሱ በዓል ነው።

የአገሩን ታሪክ ብትጠይቁም ከሐይቁ ይጀምርና እዚያው ሐይቁ ላይ ያልቃል። የደሴቷ ሽማግሌዎች፣ በዚያ በክፉ ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እነሱ ዘንድ በእንግድነት ስለመቀመጧ ትናንት የሆነ ያህል አድርገው ያወሯችኋል። እንግዳዋ ዘመኑ ሲሻል ተመልሳ ሄደች፤ ያጀቧት ሰዎች ግን ዓሣ እያሰገሩ እዚያው ቀሩ ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ የምወድበት የራሴ ምክንያት አለኝ። እንግዳዋ ከሄደች ይኸው ስንትና ስንት ዘመን ሆናት፣ እነሱ ዛሬም ቀኗን ጠብቀው ደጁን ይጠርጋሉ።

ለመሆኑ በዓል ማንን እንደሚከብድ ታውቃላችሁ? ብቻውን የሚውለውን ሰው ነው። አዘቦት ቀን ለብቸኛ ሰው ደግ ነው፤ ሬዲዮ አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ የማታውቁት ሰው ጥግ ይዛችሁ ሻይ የምትጠጡበት ቤት አለ። የበዓል ቀን ግን ሻይ ቤቱም ይዘጋል። ጎረቤት «ብቻህን አትዋል» ብሎ ይጠራችኋል፤ ሄዳችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ሰው ሁሉ ያዝንላችሁና ሥጋ ያበዛባችኋል። እኔ ዕድሜዬን ወንጂ በስኳር ሥራ ጨርሼ አሁን አዳማ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ አስካለ ባለፈው ሰኔ ሞተችብኝ። ልጆቹ አንዱ ሐዋሳ ነው፣ አንዷ አዲስ አበባ፤ በስልክ «በላህ?» ይሉኛል፤ «በላሁ» እላለሁ።

እኔና አስካለ በየዓመቱ ለኅዳር ጽዮን በጉዞ ማኅበር አውቶቡስ ወደ ዝዋይ እንሄድ ነበር። ዘንድሮ አስተባባሪው ቴዲ ደወለና «ጋሼ ተሰማ፣ እንደወትሮው ሁለት ሰው ልያዝ?» አለኝ። ቴዲ ሰፈሩ ሌላ ነው፤ ለቅሶውን አልሰማም። «አንድ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን እንደወትሮው «ሁለት» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያን ጊዜ ድረስ «አስካለ ሞታለች» የሚለው ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የሞተች ዕለት ሌሎች ተናገሩት፣ ለልጆቹም ሌሎች አረዱልኝ፣ እኔ ማልቀስ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ደግሞ የጉዞ ማኅበራችን አንድ ወግ አለው። ሰውን እንደ ከብት እየጠቆሙ መቁጠር ደስ አይልም፤ ስለዚህ ማንም አይቆጥርም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አስተባባሪው በሩ ላይ ይቆምና «ከጎናችሁ የጎደለ ሰው አለ?» ይላል። ሁሉም ወደ ጎኑ ዞር ብሎ ያይና «የለም!» ይላል። በቃ፣ መንገድ ነው። ጠዋት ገና ሳይነጋ ሲጠየቅ እኔ ዝም አልኩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ የአስካለን ነጠላ አስቀምጬበት ነበር፤ መቀመጫ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ እጄን ነጠላው ላይ ጣል አደርጋለሁ፣ ያልፋል።

ቅዳሴውም ደመቀ፣ ታቦቷም ወጣች ገባች፣ ተሻግረን ተመለስን። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ዝዋይ ዳር ሞተሩን አስነስቶ ቴዲ በሩ ላይ ቆመ።

«ከጎናችሁ የጎደለ ሰው አለ?»

«የለም!» አለ አውቶቡሱ።

እኔ ወደ ጎኔ አየሁ። «አለ» አልኩ።

ምን ላድርግ? ጎድላለቻ!

ቴዲ መጥቶ ነጠላውን አየና ደነገጠ። «ውይ፣ እትዬ አስካለ! የት ሄደው ነው?» ላስረዳው አፌን ስከፍት እሱ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ወርዷል። «ወይዘሮ አስካለ! ከአዳማ የመጡት ወይዘሮ አስካለ! አውቶቡሱ እየጠበቀዎት ነው!» ድምፁ በሐይቁ ላይ እየሮጠ ሄደ።

አሁን ትፈርዱብኝ ይሆናል። ግን ከሰኔ ወዲህ ስሟን የሚጠራው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነፍሷን ይማረውና» ብሎ ነው። እዚህ እንደ ሰው በአደባባይ ተጠራች፤ ያውም እንደ ድሮዋ አርፍዳ። አንድ ጊዜ ብቻ ልስማው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ።

ምስክር የጠፋ እንደሆነ ወደ እኛ አገር አውቶቡስ ኑ። ከኋላ የተቀመጠች በላይነሽ የምትባል ደንዳና ሴት «ነጭ በነጭ የለበሱት አይደሉም? አይቻቸዋለሁ!» አለች። ያን ቀን ነጭ ያልለበሰች ሴት ብትፈለግ ነበር የሚቸግረው። አንድ ሽማግሌ «ስለ ልጆቻቸው አብረን ተጫውተናል» አሉ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ «ጀልባ ላይ ውሃውን ፈርተው እጄን ጭምድድ አድርገው የያዙኝ እሳቸው ናቸው» ብሎ ክንዱን አሳየን። አስካለ ውሃ ስትፈራ! በየዓመቱ ጥፍሯ ክንዴ ላይ ታትሞ ነበር የምመለሰው። የማልዋሽላችሁ፣ እኔ ራሴ አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ዳርቻውን ማየት ጀመርኩ።

ሾፌራችን ቶሌራ ፀሐይዋን እያየ ይቁነጠነጣል። ዝዋይ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳበታል፤ ማዕበሉ ቀላል አይደለም። ወዲያው ቴዲ ከጀልበኞቹ ጋር ሲነጋገር አየሁ፤ ተመልሰው ደሴቷ ላይ ሊፈልጓት ገመድ መፍታት ጀምረዋል። እዚህ ላይ ነቃሁ። ለእኔ ናፍቆት ብለው የሰው ልጆች ንፋስ ውስጥ ሊገቡ ነው። ነጠላውን እንደያዝኩ ወርጄ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ቴዲ፣ ጀልባው አይሂድ! አስካለ ሞታለች!»

ምነው ባልተናገርኩት! «ሰጠሙ!» አለ አንዱ። «ኡኡ!» አለች በላይነሽ፤ ደረቷን እየደቃች ወደ ውሃው ሮጠች። ጎረምሳው ሸሚዙን አውልቆ ሊዘል ሲል ሁለት ሰው ይዞ አስቀረው። እኔ መሀል ላይ ቆሜ «ሰኔ ላይ ነው! ሰኔ ላይ ነው!» እላለሁ፤ ማን ይስማኝ?

በመጨረሻ ቴዲ ትከሻዬን ያዘኝ። «የቱ ሰኔ?»

«ያለፈው።»

ስድቡን እጠብቅ ጀመር። ይገባኛልም፤ መንገደኛ አስመሽቻለሁ፣ ሰው አስጩኻለሁ። ግን በላይነሽ የጀመረችውን ለቅሶ ማቆም አቃታት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀጠለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አልቅሰው ሲወጣላቸው እጄን ይዘው አሳፈሩኝ፤ አውቶቡሱ ተነሳ። ከመቂ ጀምሮ መኪናው ለቅሶ ቤት ሆነ። እየተነሱ በየተራ አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ «እግዜር ያጥናዎት» ይላሉ፤ ትንሽ ተቀምጠው ለሌላው ቦታ ይለቃሉ። ቶሌራ እንኳ መሪውን እንደያዘ በመስታወቱ እያየኝ በኦሮምኛም በአማርኛም አጽናናኝ። አንድ ሰው እንኳ ለምን ዋሸህ አላለኝም። እኔም ለመጣው ሁሉ እንዴት እንደታመመች፣ እንዴት እንደሞተች ነገርኩ። አንዴ ከአፌ ከወጣ ወዲያ መናገሩ ያን ያህል አልከበደኝም፤ የከበደኝ የሚሰማኝ ሰው ሲነሳ ነበር።

ሞጆ ልንደርስ ስንል በላይነሽ መጥታ ተቀመጠች። ነጠላውን አንስታ ጭኗ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ዓይኗ አብጧል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና… እኔ ግን አይቻቸዋለሁ» አለችኝ።

«የት?»

«ከጀልባ መውረጃው አለፍ ብሎ፣ ዛፏ ጥላ ሥር። ተቀምጠው ሸንኮራ ይልጡ ነበር።»

አስካለ ከእኔ ጋር ወንጂ ዕድሜዋን ስትኖር ሸንኮራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። የሸንኮራ ሽታ ሲመጣ መስኮት የምትዘጋ ሴት ነበረች። ይህን ልነግራት ወደ በላይነሽ ዞርኩ።

«ደህና ነበረች?» አልኳት።

«በጣም ደህና ነበሩ» አለችኝ።