አቶ ኣስፍሃና የደረቀው ፏፏቴ

ስደተኛ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ የሁሉንም ሰው ፎቶ አንስቶ ራሱ አንድም ፎቶ ላይ የሌለ ሰው አይጠፋም። በፍራንክፈርቱ የጋሉስ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት አቶ ኣስፍሃ ናቸው። ሠርግ ላይ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ክርስትና ላይ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው «አንዴ ብቻ» ይላሉ። ቆጥሬያለሁ፤ «አንዴ» ከአምስት አያንስም፣ ከዘጠኝ አይበልጥም።

ባለፈው ኅዳር ግን ከአስመራ ችግር በፖስታ መጣባቸው። እህታቸው ጽገወይኒ «የሰውን ሁሉ ፎቶ ልከህልኛል። ያንተ ብቻ የለም። መልክህ እየጠፋኝ ነው» ብለው ጻፉ።

ቀላል ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም፤ ላስረዳ። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ፍራንክፈርት የገባ አዲስ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ትራም ማቆሚያው አጠገብ ወዳለው የገበያ ማዕከል ይወሰድ ነበር። ክረምቱን ይሞቃል፣ መግቢያ አይከፈልበትም፣ መሃሉ ላይ ፏፏቴ፣ ከፏፏቴው በላይ ትልቅ ሰዓት አለው። አቶ ኣስፍሃ የግመል ቀለም ካፖርታቸውን አውልቀው ያለብሱናል፤ ፎቶው ለእናት ይላካል። እኔንም አልብሰውኛል፤ እጅጌው ጣቶቼን ውጦ ነበር። ስድሳ ሰው፣ አንድ ካፖርት። አስመራ ላይ ሁለት እናቶች ፎቶ ሲያስተያዩ «ልጅሽ የልጄን ካፖርት ወሰደበት» ተባብለው ተኳርፈዋል ይባላል።

አሁን ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ፏፏቴው ደርቋል፤ ሕንፃው በመጋቢት ይፈርሳል። እሳቸው ግን ሌላ ቦታ አይነሱም። «የሁላችሁንም እዚያ አይታለች። የኔን ከዛፍ ሥር ልላክላት?»

ሐውስማይስተሩ፣ ማለትም የሕንፃው ጠባቂ፣ ሐሙስ ሐሙስ በአሥር ሰዓት እንዲገቡ ፈቀደላቸው። «ቴርሚን አለኝ» ይሉና፣ ቀጠሮ ማለታቸው ነው፣ ከረባት ያስራሉ። ውስጥ የሚጠብቋቸው እርግቦች ናቸው። አንዴ አብሬ ስገባ፣ እጅ የሌላት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ከፏፏቴው ፊት ቆማ አገኘናት። «ይቅርታ እመቤት» ብለው አቅፈው ወደ ጎን አዛወሯት።

«እኔ ላንሳዎት?» አልኩ።

«አንተ፣ ተካልኝ? የሲራክ ክርስትና ላይ ቄሱን ያለ ራስ ያስቀረኸው አንተ አይደለህም?»

ስለዚህ ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ ያዙታል። አሠራሩ ድንቅ ነው፦ ትጫኑታላችሁ፣ አሥር ሰከንድ ይንሾካሾካል፣ ከዚያ ያነሳል። በእነዚህ አሥር ሰከንዶች አቶ ኣስፍሃ፣ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ቆሞ በዋለ ጉልበት፣ አሥራ አራት ሜትር ማቋረጥ አለባቸው። ፊልሙ ሲታጠብ አንደኛው ላይ የካፖርት ጫፍ፣ ሁለተኛው ላይ አንድ ጫማ፣ ሦስተኛው ላይ ጀርባቸው ወጣ። አራተኛው ላይ ደርሰዋል፤ ግን ካሜራው ወድቆ እንደሆን ለማየት እየተመለሱ ነው።

«ካሜራውን ትንሽ ቢያስጠጉትስ?»

«ሰዓቱ ከፎቶው ይቆረጣል።»

ዛሬ የመጨረሻው ሐሙስ ነው። ሰኞ ማፍረስ ይጀመራል። ሦስት ጊዜ ሮጡ፤ በሦስተኛው ጉልበታቸውን ይዘው የፏፏቴው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ወደኔ ሳያዩ፣ «ተካልኝ፣ መጫን ብቻ ነው። ሌላ ምንም አትንካ» አሉ።

ተነስተው ካፖርቱን አስተካከሉ። ያኔ ነው ያየሁት፤ እጅጌው የእሳቸውንም ጣቶች ውጧል። ለካ የገዙት በራሳቸው ሳይሆን ከእኛ ውስጥ በትልቁ ሰው ልክ ኖሯል።

«እጄን የት ላድርገው?» አሉ፣ የስድሳ ሰው እጅ ያስተካከሉት ሰው።

«እንዳለ ይተዉት።»

ሁለቴ ተመልሰው በካሜራው መስኮት አጮልቀው አይተዋል፤ ትልቁ ሰዓት ፎቶው ውስጥ መግባቱን አረጋግጠዋል። ሦስተኛ ጊዜ አንድ እግር ሲያነሱ «አንዴ ብቻ» አልኳቸው። እግራቸውን መለሱ። አሁን ሳይንቀሳቀሱ ለመቆም እየሞከሩ ነው።