ሞተር መንዳት ችዬ ማቆም ያቃተኝ ቀን

ወዳጆቼ፣ ቆማችሁ የምታነቡ ካላችሁ ቁጭ በሉ። የዛሬው ፖስት የቆመን ሰው ይጥላል!

ዛሬ ጠዋት ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት ልጅ ትልቅ ሞተር እየነዳች መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁለት እግሯን መሬት ላይ ተክላ፣ ስልኳን አውጥታ፣ ዘና ብላ!

እኔ ግን ፊቴ በርበሬ መሰለ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ!

ለምን መሰላችሁ? ለልጆቼ እንኳ ቆራርጬ የነገርኳቸው አንድ ጉድ ስላለኝ ነው። ዛሬ ሙሉውን ልናዘዝ። ሳቁብኝ ግዴለም፤ ብቻ ኮመንት ላይ ለዘመዶቼ ታግ አታድርጉብኝ፣ አደራ!

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰባዎቹ መጀመሪያ። እኔ ዘምዘም የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ከብት መከተብ።

መሥሪያ ቤቴ አንዲት ትንሽ ሞተር ሰጥቶኛል። ትንሽ ስላችሁ የእውነት ትንሽ! ድምጿ የልብስ ስፌት መኪና ነው። በሐይቅና በአርዲቦ ዙሪያ ያለውን ሜዳ እንደ ፌንጣ ትዘለዋለች። ወደ አምባሰል ስንወጣ ግን ዳገቱ ግማሽ ላይ ሁለቴ ታስልና ቀጥ!

ከዚያ በኋላ እሷ አትሸከመኝም፤ እኔ ነኝ የምገፋት።

ክትባቱ ደግሞ የሚሄደው በበረዶ ሳጥን ነው። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ተበላሸ ማለት ነው። አንድ ቀን እንደዚያ እየገፋሁ በስንት መከራ ስደርስ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ብቻ አገኘሁ። መድኃኒቱን ደፍቼ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ይዤ ስሄድ እዚያው አምባሰል የሚኖሩት የእትዬ ወርቄ በሬ በበሽታው ሞቶ ጠበቀኝ። ያላቸው በሬ እሱ ብቻ ነበር።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ላቤን አይተው፣ «ደከመሽ አይደል ልጄ? ያንን ሁሉ ዳገት በእግርሽ!» ብለው ውሃ ሰጡኝ።



ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አቃተኝ።

በዚህ መሃል ከደሴ አዲስ ትልቅ ሞተር መጣ። አንድ ብቻ! ግቢው ውስጥ እንደ ሰንጋ ፈረስ ቆሟል። ኃላፊያችን ጓድ ካሳ ሰብስበውን፣ «ይሄንን የነዳ አለ?» ሲሉ እጄ ሳላዘው ወጣ።

«እኔ! ስንቴ ነድቼዋለሁ!»

ስንቴ? ዜሮ ጊዜ! ወላሂ ነክቼው አላውቅም።

ጌታቸውም እጁን አወጣ። ጌታቸው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቁመቱ የስልክ እንጨት። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ይነጋገራል።

ለትልቅ ሞተር ሌላ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈታኙ በሦስት ሳምንት ከደሴ ይመጣል ተባለ። ያለፈ ሞተሩን ይወስዳል፣ አምባሰልም የእሱ ይሆናል። እስከዚያ ጠዋት እኔ ልለማመድበት፣ ከሰዓት ጌታቸው።

የመጀመሪያ ቀን ወጣሁበት። ግራ እግሬን ሰደድኩ፤ መሬት የለም። ቀኝ እግሬን ሰደድኩ፤ እዚያም የለም!

ዷ! ተያይዘን ወደቅን።

አያችሁ፣ ሞተር እየሄደ ችግር የለም። ቁመት የሚጠየቀው ሲቆም ነው! ፍሬኑ ይይዛል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ እኔ ደግሞ መሬት አጥቼ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ጋደም።

አሠልጣኜ አያ ይመር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ከአሰብ ደሴ የጭነት መኪና የነዱ ጎረቤታችን ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ጆሯቸው ግን! ከመለማመጃው ሜዳ ዳር ካለው ሾላ ሥር ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠው በድምፅ ብቻ ያስተምሩኛል።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ! አስለቀስሽው እኮ!»

«ማርሽ ቀይሪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሙሽራ ነው?»

እና እኔ ምን አደረግኩ? ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሰባት ጠፍጣፋ ትልልቅ ድንጋዮች አንከባልዬ በየቦታው አስቀመጥኩ። ለመቆም ስፈልግ አንዱ ድንጋይ ጎን እደርሳለሁ፣ እግሬን እሱ ላይ አሳርፋለሁ፣ አለቀ!

አያ ይመር የሚሰሙት ሞተሩ ቀስ ብሎ መጥቶ ሳይወድቅ ሲቆም ነው።

«ማሻአላህ! አቋቋምሽስ! እግርሽ ረጅም ነው መሰል፤ በአባትሽ ወጣሽ።»

«አዎ አያ ይመር» አልኩ።

አዎ አልኩ! ዓይናቸው የማያይላቸውን ሽማግሌ ፊት ለፊት ቆሜ ዋሸኋቸው። ድንጋይ ላይ ቆሜ!

እስቲ ከዚህ በላይ ነውር አለ?

ከሁለት ቀን በኋላ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ሁለቱ ቀን ያልፋል። እሳቸው ያመሰግኑኛል፤ እኔ ይብስ አፍራለሁ። ምሳ ላይ ቀኝ እጄ መጉረሱን ትቶ ነዳጅ ይሰጣል፣ ግራ እግሬ ከገበታው ሥር ማርሽ ይቀይራል። ቢሮ ውስጥ ብዕር ሲሰጡኝ አጠመዝዘዋለሁ።

እናቴ ተጨነቀች። «ያ ረቢ! ይቺን ልጅ ምን ነካብኝ? ተቀመጪ እንጂ!»

«ተቀምጫለሁ እኮ እማ!»

«ቂጥሽ ተቀምጧል። ሌላው ሄዷል!»

የፈተናው ቀን ደረሰ። እናቴ እግሬን ከፍቼ ኮርቻ ላይ መቀመጤ ባይዋጥላትም ለፈተናው ብላ ሱሪ ሰፍታልኛለች። ሱሪዬን ለብሼ፣ አያ ይመርን በክንዳቸው ይዤ ሜዳው ስንደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው?

ሜዳው በሰው ተሞልቷል! የገበሬ ማኅበር ስብሰባ! ሜዳው ግማሹ ለስብሰባው፣ ግማሹ ለፈተናው ተከፍሏል።

ድንጋዮቼስ?

ድንጋዮቼ ተለቅመው ከስብሰባው ፊት ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩና ስድስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠውባቸዋል። ሰባት ሰው፣ ሰባት ድንጋይ!

የአያ ይመርን ክንድ ጨበጥ አደረግኩ።

«ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ?» አሉኝ አያ ይመር።

«ነፋሱ ነው» አልኩ። ሌላ ውሸት! ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።

ፈታኙ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰውዬ ናቸው። ጌታቸው ቀደመ። መሬት ላይ የተሰመረውን ስምንት ቁጥር ትንሽ ተንገዳግዶ ጨረሰ፣ «ቁም» ሲሉት እነዚያን እግሮቹን እንደ ባላ ተክሎ ቆመ። አለፈ።

ተራዬ ደረሰ። ጌታቸው ሞተሩን ይዞልኝ ወጣሁ።

ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ አነዳዴ ልዩ ነበር! ስምንት ቁጥሩን እንደ ጥልፍ አዞርኩት። ለፈተናው የተነጠፈችውን ጠባብ ሳንቃ በቀጥታ ተሻገርኩ። አያ ይመር ከሾላው ሥር፣ «ስሙት! ድምፁን ስሙት!» እያሉ አጠገባቸው ያለውን ሰው ሁሉ ይነቀንቃሉ።

ከዚያ ፈታኙ እጃቸውን አነሡ።

«ቁሚ።»

በምን ልቁም?

«እሺ ጌታዬ!» ብዬ አለፍኳቸው።

ዞሬ መጣሁ። «ቁሚ አልኩ እኮ!»

«እሺ!» ብዬ ደግሜ አለፍኩ።

በሦስተኛው ዙር መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም «መጣሁ!» አልኳቸው። ወዴት እንደምመጣ ግን አላውቅም! ወድቄ ብገላገል ይቀል ነበር። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ አያ ይመር እየሰሙኝ መውደቅ ሞት መሰለኝ። ስለዚህ ከሞት የባሰውን መረጥኩ።

ወደ ድንጋዮቼ ነዳሁ!

«ተነሡልኝ! ተነሡ!» ብዬ ጮህኩ።

ገበሬው ሁሉ ትእዛዝ መስሎት ብድግ! ግራ እጁን ወደ ላይ አድርጎ እንደ ዘመኑ መፈክር፣ «ወደፊት!»

እኔማ ወደፊት ነበርኩ! ችግሬስ እሱ አልነበር?

የኮሚቴው ሰዎች እንደ ቆቅ ተበተኑ። ድንጋዮቼ ነጻ ወጡ። እኔ ግን በድንጋጤ ሰባቱንም ሳትኳቸው። አልፌ፣ ቄጠማውን ሰንጥቄ፣ ሐይቁ ውስጥ ጨርፍ!

ሞተሩ አንዴ ተንፈቅፍቆ ዝም አለ።

 ከሾላው ሥር የአያ ይመር ድምፅ ብቻ ተሰማ። «ምን ሆነች? ሞተሩ ምነው ዝም አለ? ሰዎች፣ ልጅቷ ደኅና ናት?»

እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ጠበቁኝ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

«ማነው የላከሽ?»

ልጆች፣ በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ስብሰባ አደናቀፈ የተባለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። ኃላፊዬ ጓድ ካሳ በእጃቸው የያዙትን ወረቀት ማንበብ ጀመሩ። ገልብጠው ይዘውታል።

 የራሰ ሱሪዬን መጭመቅ ጀመርኩ።

ያኔ አያ ይመር በዱላቸው መሬቱን እየዳሰሱ፣ ሰው እየመራቸው መጡ። ወደ ሊቀመንበሩ ድምፅ ዞረው ቆሙ።

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መቆም ካቃታት ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው። የምትጠይቁትን እኔን ጠይቁ።»

ይሄኔ ነው እንባዬ የመጣው።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «እሳቸው ጥፋት የለባቸውም! እግሬ መሬት አይደርስም። ለመቆሚያ ድንጋይ ደርድሬ ነበር፤ እሳቸው አላዩም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ዛሬ ድንጋዮቹ ላይ እናንተ ተቀምጣችሁባቸው አገኘኋችሁ!»

ሊቀመንበሩ ዞረው ድንጋዩን አዩት። እኔን አዩኝ። እግሬን አዩት። እንደገና ድንጋዩን።

«ታዲያ እኔ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጥኩት በአንቺ ፍሬን ላይ ነው?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ! እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ከብቶቻችንን የምትከትብልን ልጅ ናት፤ ይተዉአት በሞቴ» ሲል ነገሩ በዚያው አለቀ። ጓድ ካሳም ወረቀታቸውን አቀኑት።

ፈታኙ ብቻ አልሳቁም። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው «ወድቃለች» ብለው ጻፉ።

ወድቄያለሁ! ሐይቅ ውስጥም፣ ፈተናም!

ወደ ቤት ስንመለስ አያ ይመር ክንዴን ይዘው መንገዱን በዱላቸው እየመቱ ሄዱ። 

ከዚያ፣ «ድንጋዮቹ ስንት ነበሩ?» አሉ።

«ሰባት።»

«እኔ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ረጅም ናት እያልኩ አውርቻለሁ።»

«አያ ይመር፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ትንሽ ሄድንና፣ «ነገ ጠዋት ሞተሩን ይዘሽ ነይ» አሉ።

ጌታቸው ሞተሩ እስኪደርቅ ገና አልተረከበም ነበርና ይዤ ሄድኩ። አያ ይመር ኮርቻው ላይ አስቀምጠውኝ በዱላቸው እግሬን ለኩት፤ ከዚያ ከጫማዬ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ይቺን ይዘሽ ነው? በይ፣ ልትቆሚ ስትይ ከኮርቻው ወደ ግራ ተንሸራተቺ። አንድ እግር ብቻ አውርጂ። ሁለት እግር ማን ጠየቀሽ?»

ተንሸራተትኩ። እግሬ መሬት ነካ።

ቆምኩ!

አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ሳምንት ድንጋይ ያንከባለልኩት፣ ዓይኔን አፍጥጬ የዋሸሁት፣ ስብሰባ የበተንኩት በአምስት ደቂቃ ለሚያልቅ ነገር ነው! የመጀመሪያው ቀን «አያ ይመር፣ እግሬ አይደርስም» ብል ኖሮ... ተዉኝ እባካችሁ!

ጌታቸው ሞተሩን ይዞ አንድ ጊዜ አምባሰል ወጣ። ሲመለስ ፊቱ አመድ ነበር። «ዘምዘም፣ ያንን ገደል አይተሽዋል?» አለኝ። በየሳምንቱ ስገፋ የኖርኩበትን ገደል! ሳልለምነው ራሱ ጓድ ካሳ ዘንድ ሄዶ ሞተርና መንገድ እንቀያየር አለ።

ፈታኙ በወሩ ተመልሰው መጡ። «ቁሚ» አሉኝ፣ ቆምኩ። ለማረጋገጥ ይመስለኛል፣ ሦስቴ አስቆሙኝ።

ከዚያ በኋላ የሐይቅ ሰው ጠዋት ጠዋት ነጻ ሲኒማ አገኘ። የስልክ እንጨቱ ጌታቸው በትንሿ ሞተር ጉልበቱ ከጆሮው እኩል ሆኖ ወደ አርዲቦ፤ ድንቢጧ ዘምዘም በትልቁ ሞተር ወደ አምባሰል።

አምባሰል ላይ የበረዶ ሳጥኑን ስከፍት በረዶው ተንኳኳ። በዕድሜዬ እንደዚያ የሚጥም ድምፅ አልሰማሁም። የእትዬ ወርቄን ጥጃ በእጄ ከተብኩት። በሬያቸውን ግን አልመለሰልኝም፤ እሱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት ተውኩ ወይ? በሚገባ! ፍጹም ሌላ ሰው ሆኛለሁ!

ዛሬ ልጄ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ «እማ፣ ከጽሑፉ ጋር ፎቶ መለጠፍ ትችያለሽ ወይስ ልርዳሽ?» አለችኝ። «ኤዲያ! ይቺማ ምን አላት!» ብዬ ሸኘኋት።

በዚያ በትልቁ ሞተር ላይ ኮራ ብዬ የተነሣሁትን ፎቶ ከዚህ በታች ለጥፌላችኋለሁ። እኔ ጋ የሚታየኝ የጎረቤት ፍየል ነው።

እናንተ ጋስ?