አስካለ ሶሲዮሎጂ የተማረች ጊዜ

ሰው ጎረቤቱ ቤት ሲሠራ ይቀናል አሉ። ይቅና፣ ምን አለበት! እኔ የቀናሁት ግን በሞጁል ነው፤ በርቀት ትምህርት ጥራዝ።

አስካለ ጎረቤቴ ናት፤ ሸዋሮቢት ገበያ ጎን ለጎን ሽንኩርት ሸጠናል። የርቀት ትምህርት የሚሉት ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ ሶሲዮሎጂ ብላ ተመዘገበች። እኔስ? አውቶቡስ ላይ እየዞረ የሚሸጠውን መጽሐፍ ሁሉ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሴቶች ሲከራከሩ «እስቲ እሷን እንጠይቅ» የሚባልልኝ እኔ ነበርኩ። ነበርኩ ነው የምላችሁ! ሞጁሉ በመጣ በወሩ ጠያቂዬ ሁሉ ወደ አስካለ ደጅ ዞረ።

ምን ትላቸዋለች መሰላችሁ? ድሮ ሰውን የሚያስተሳስረው መመሳሰሉ ነበር፤ በዘመናዊ ኅብረተሰብ ግን የሚያስተሳስረው የሥራው መለያየት ነው። ሾፌር ያለ ጋራዥ፣ ጋራዥ ያለ ሾፌር አይኖርም። ዘይነባ፣ እሷም ጎረቤታችን ናት፣ «ወላሂ እውነቷን ነው!» ትላለች። እኔ ስናገር ወላሂ ያለልኝ አለ?

የእድር ስብሰባ ላይ ደግሞ ባሰባት። ለቅሶ ቤት በተራ ወጥ መሥራት ይቅር፣ የዘመኑ ኅብረተሰብ በሙያተኛ ነው የሚያድረው፣ ሠራተኛ እንቅጠር አለች። ሐሳቡ ደግ ነበር። በዚህ ሙቀት እሳት ሥር መቆም ማን ይወዳል? ግን ሐሳቧ ካለፈ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቀኛል? ብድግ አልኩ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል አልሰማሽም? ነገ ደግሞ እንባ እንቅጠር ትይናለሽ!»

ሴቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐሳቧ ወደቀ። ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የአስካለ አማት፣ ዕድሜ የጠገቡ ሴትዮ፣ ዐረፉ። ተረኛዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እኔ! ድንኳኑ እስኪነሣ ድስት ሥር ከረምኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ አይደል? ዘይነባ እያለፈች «አንቺዬ፣ ድሉ እንዴት ይዞሻል?» አለችኝ። አስካለ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እህቴ፣ ያን ቀን ባትከራከሪኝ ዛሬ ማን ይቆምልኝ ነበር!» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ጭሱ ይሁን ቅናቱ እንጃ።

ወጡ ግን፣ ራሴን ላመስግንና፣ ጣፍጧል። ከካራቆሬ የመጣው ለቅሶ ደራሽ ሳይቀር የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀ። በሚቀጥለው ስብሰባ አስካለ ተነሥታ፣ ሙያተኛ መቅጠር ምን ያደርጋል፣ ሙያተኛችን ይችውና ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ሴቱ አጨበጨበ። ዘይነባም በመጨረሻ ለእኔ ወላሂ አለች።

እንግዲህ ደጄ እንደገና ጠያቂ በዝቶበታል። አንዷ ትመጣለች፣ ሌላዋ ትመጣለች። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፤ «ድስቱ ስንት ሰዓት ይጣድ?»