የነሐሴን ጽዋ ያነሳችው አቻምየለሽ

መምህርት አቻምየለሽ መንታ እህት አለቻት ይባላል። ወሬውን ያመጡት የቡሬ መናኸሪያ የሚኒባስ ረዳቶች ናቸው። አንደኛው በጠዋት ፍኖተ ሰላም ወስዶ ኮሌጁ በር ላይ አወረዳት። መልስ ጭኖ ቡሬ ሲገባ ሴትዮዋ መረብ ኳስ ሜዳው ዳር ቆማለች፤ ጃንጥላዋን እንደ ዘንግ ይዛ፣ "ዝለል እንጂ! መሬቱ ሙጫ አለው?" እያለች ጎልማሳ መምህራን ላይ ትጮሃለች። "ወይ ሴትዮዋ ሁለት ናት፣ ወይ እኔን ጾሙ ጎድቶኛል" አለ ረዳቱ። ወሬው እኔ ፀጉር ቤት እስኪደርስ ድረስ መንታዋ ስም ወጥቶላት፣ አዴት ተድራ፣ ከባሏም ተጣልታ ነበር።

ውሸት ነው። የአቻምየለሽ የግድግዳ ጎረቤት ነበርኩና አውቃለሁ። እናቷ የወለዱት አንዷን ብቻ ነው፤ እሷም ለከተማው በዝታለች። እውነቱ ይኸውላችሁ፦ የዚያን ዕለት ክፍለ ጊዜው ተሰርዞ ነበር። ረዳቱ ተሳፋሪ እየጠራ ሲቆም እሷ ድንች የጫነ አይሱዙ ጋቢና ገብታ ቀደመችው። በቃ፣ ይኸው ነው።

በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ሌላው ብርድ ልብስ ሲፈልግ፣ እነሱ የሚመዘገቡበት ነገር ይፈልጋሉ። ስብሰባ ላይ "ማን ይችላል?" ሲባል እኛ ጤነኞቹ ጣራ እናያለን፣ ጥፍራችንን እንመረምራለን። እነሱን ግን ዝምታ ያማቸዋል። ማንም ሳይናገር ጥቂት ከቆየ ደረታቸውን ይወጋቸውና እጃቸው በራሱ ጊዜ ይነሳል።

የእኛይቱ ሙሉ ማዕረግ ሲጠራ እንዲህ ነበር፦ ክብርት መምህርት አቻምየለሽ፣ የክረምት ዲግሪ ተማሪ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የጎልማሶች መዝሙር መሪ፣ የመምህራን መረብ ኳስ ቡድን አሠልጣኝ፣ የሰፈሩ ችግኝ አፍዮች ሊቀ መንበር፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ፤ ጊዜ ሲተርፋት ደግሞ የጋሽ ቢሆነኝ ሚስት።

ጋሽ ቢሆነኝ እህል ነጋዴ ነው፤ ከሚናገረው የሚመዝነው ይበልጣል። ጺሙን ሊላጭ ሲመጣ "እታለም አቻምየለሽ ደህና ናቸው?" እለዋለሁ።

"ደህና ናት ይላሉ" ይለኛል። "ካገኘሃት ሰላም በልልኝ። ሽሮውን ከእሳት ማውጣቴንም ንገራት።"

እሷ ለሁሉም ነገር አንድ መልስ ነበራት፤ "እደርሳለሁ!" ልምምዱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ሲሏት፣ እደርሳለሁ። ችግኙ ውኃ ሊጠጣ ነው ሲሏት፣ እደርሳለሁ። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ እትዬ ሰብለ፣ "ተዉ አታልቅሱ፣ የሁላችንም መንገድ ወደዚያው ነው" ብለው ሲያጽናኑ፣ አቻምየለሽ ከልምድ የተነሳ "እደርሳለሁ" አለች። አልቃሽ ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ሟቹም ሳይስቁ አልቀሩም፤ ሰው ወዳድ ነበሩ።

አንገቷን ያላየ ምንም አላየ። ማዕተቧ፣ የመረብ ኳስ ፊሽካዋና የኮሌጁን ሥራ የምትይዝበት ፍላሽ አብረው ይንጠለጠላሉ፤ አብረው ስለዋሉም ሥራቸውን ይቀያየራሉ። አንድ ቀን የመዝሙር ልምምድ ላይ ወንዶቹ ዜማውን ሲያበላሹ ፊሽካዋን ነፋችው። አባ ኪዳነ ማርያም ከግቢው ማዶ መስቀላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ፤ ሌባ የገባ መስሏቸው። በማግሥቱ ሜዳ ላይ ቡድኗ ነጥብ ሲያስቆጥር እልልታዋን አቅልጣ "ሃሌ ሉያ" አለች። ተጋጣሚዎቹ "ይሄ ጨዋታ ነው ቅዳሴ?" ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ዳኛው ግን ማኅበርተኛዋ ነበረና ነጥቡን አጸደቀ።

ሰዓቱ አልበቃ ሲል ደግሞ ጫማዋን ትወክላለች። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የእሷ አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ ከሩቅ ይለያል። እዚያ ጫማውን ያየ ሁሉ "አቻሜ ገብታለች" ብሎ ይጀምራል፤ እሷ ግን የዝናብ ቦት ጫማዋን አጥልቃ በጓሮ በር ችግኝ ጣቢያ ወርዳለች። አንድ ክረምት ሙሉ ያ ጫማ ከማናችንም ይልቅ ትጉህ ዘማሪ ሆኖ ዋለ። ነገሩ የታወቀው እትዬ ሰብለ ለጫማው ሰላምታ ሰጥተው ሲገቡ ቦታዋን ባዶ አገኙና፣ "ምነው፣ እግሯን ልካ ራሷ ቀረች?" ሲሉ ነው።

ኮሌጁ ውስጥም ያው ነበረች። የክፍል ጓደኞቿ እንዳወሩልኝ፣ በአንድ ዶፍ ቀን የዋንዛ ችግኝ በፌስታል ሞልታ ገብታ ወንበሯ ሥር ደረደረች። መምህሩ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲያስረዳ ቆይቶ፣ "ሕፃን ልጅ በመጀመሪያ ምን ይፈልጋል?" ብሎ ጠየቀ። ሸለብ አድርጓት የነበረችው አቻምየለሽ ብድግ አለችና፣ "ጥላ፣ ፍግና ከፍየል የሚጠብቀው ሰው" አለች። መምህሩ ትንሽ አሰበና ሰሌዳው ላይ ጻፈው አሉ።

ያኔ መንገዱ እንደ ልብ ነበር። ሰው ቡሬ ቁርሱን በልቶ፣ ፍኖተ ሰላም ተምሮ፣ ማታ ደጁ ይገባል፤ ትልቁ ፍርሃት ጎርፍና የሚኒባስ ሙዚቃ ነበር። ክረምቱም ሰው ሰው ይሸት ነበር፤ እርጥብ ጋቢ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ የመዝሙር ድምፅ፣ ከሜዳው የሚመጣ ጭቅጭቅ። ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ ወደ ግሽ ዓባይ ተዛወረች፤ ጋሽ ቢሆነኝም ሚዛኑን ጭኖ ተከተላት። አሁን በግድግዳው ማዶ ሌላ ተከራይ ገብቷል። ጸጥ ያለ፣ ጥሩ ሰው ነው። አንድም ማኅበር የለውም። አልወደውም።

ልነግራችሁ የተነሳሁት ግን ስለ መጨረሻው ክረምቷ ነው።

የእኛ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ወር በገባ በአሥራ ስድስት ይሰበሰባል። ጽዋ ያነሳ ሰው ለሚቀጥለው ወር ድግሱ የእሱ ነው። ታዲያ አእምሮ ያለው ሰው የነሐሴን ጽዋ አያነሳም። ነሐሴ አሥራ ስድስት ፍልሰታ የሚፈታበት ቀን ነው፤ ማኅበርተኛው ሁለት ሳምንት ሽምብራ ሲቆረጥም ከርሞ ዶሮ ዶሮ እያለ ይመጣል። ሐምሌ ላይ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ጋሽ ክንፈሚካኤል ጽዋውን ከፍ አድርገው፣ "የነሐሴውን ማን ይቀበለናል?" አሉ። ሁላችንም ጥፍራችንን መመርመር ጀመርን። ዝምታው ረዘመ።

"እደርሳለሁ!" አለች አቻምየለሽ።

ሳምንት ሳይሞላ ኮሌጁ የመጨረሻውን ፈተና ቀን ለጠፈ። ነሐሴ አሥራ ስድስት ቅዳሜ ጠዋት ነበር።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከፈተናው ብትቀር የስንት ክረምት ልፋቷ ያለ ዲግሪ ይቀራል። ጽዋውም የራሱ ሕግ አለው፤ ያነሳው ሰው በዕለቱ ራሱ ቆሞ ካላስረከበ ቦታው ወረፋ ለሚጠብቅ ይሰጣል። የእሷ ቦታ ደግሞ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እናቷ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከማኅበሩ ቤት መደብ ጥግ ተነስተው አያውቁም።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ቆመች። ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላዋን አልዘረጋችውም።

"ጋሹ" አለችኝ፣ "አልደርስም መሰለኝ።"

ምላጩን አስቀመጥኩት። ወረፋ የያዙት ሁለት ሰዎችም ወደ በሩ ዞሩ። ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምተን አናውቅም።

"ከፈተናው ስወጣ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ዶሮውን ማን ያርድ? ሽንኩርቱን ማን ይላጥ? መዝሙርም አለ፤ በዋዜማው የዋንጫ ጨዋታም አለ። ጽዋውን ብተው የእናቴን ቦታ በእጄ ሰጠሁ ማለት ነው። ለቢሆነኝስ ምን ብዬ ልንገረው?"

"ሂጂና ተፈተኚ" አለ ከወንበሬ ላይ በአረፋና በፎጣ የተሸፈነው ሰው።

"እንዴ፣ አንተ እዚህ ነህ?"

"እኔማ ሁልጊዜ እዚሁ ነኝ" አለ ጋሽ ቢሆነኝ። "ድግሱን ለእኛ ተዪው።"

እኛ ማለት ማን እንደሆነ እሱም አላወቀም። የሰማ ሁሉ ግን እኔም አለሁበት አለ። የመዝሙር ክፍሏ ሴቶች ወጡን ያዙ። የመረብ ኳስ ቡድኑ የሽንኩርት ጆንያ ወርዶበት፣ የዋንጫውን ጨዋታ ሲሸነፍ ያላለቀሰውን ለቅሶ አለቀሰ። ችግኝ አፍዮቹ ውኃ በጀሪካን አመላለሱ። እኔ በበዓሉ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የዶሮ ላባ እንድነጭ ተመደብኩ፤ "የፀጉር ሥራ ያው የፀጉር ሥራ ነው" ተብሎ። ከዚያ በፊት እንዲህ የሚንፈራገጥ ደንበኛ አልገጠመኝም፤ አንዷ አምልጣ ግማሽ ተላጭታ ገበያ ወጣች።

ሁሉም ደረሰ። ወጡ ደረሰ፣ ጠላው ደረሰ፣ ማኅበርተኛው ቀድሞ ደረሰ። አቻምየለሽ አልደረሰችም።

ከመናኸሪያ ሰው መጥቶ፣ ጎርፍ አፈር ደርምሶ አስፋልቱ ላይ መኪና ሁሉ ቆሟል አለን። ስልኳ አይሠራም። አባ ኪዳነ ማርያም ተአምረ ማርያምን አነበቡ፤ እኛም ቆመን ሰማን። ሲጨርሱ ዓይናችን ሁሉ በሩ ላይ ነበር፤ ማንም አልገባም። ቀጥሎ ጽዋው ነው፤ ጽዋው ደግሞ ያለ ባለቤቱ አይነሳም። ወረፋ ጠባቂው አቶ አምላኩ ከበሩ ሥር ጉሮሮውን ጠረገ።

ጋሽ ክንፈሚካኤል ጸሎት ሲረዝም የሚቆጡ ሰው ናቸው። "ጸሎት አጭር፣ ወጥ ትኩስ" የሚለው ደንብ የእሳቸው ነው። ያን ቀን ግን ጎንበስ አሉና፣ "አባ፣ ካልከበደዎ አንድ ተአምር ይጨምሩልን" አሉ።

አባ በመነጽራቸው ላይ አዩዋቸው። ገለጡ። አነበቡ።

"አንድ ይድገሙልን፣ አባ።"

የዶሮው ሽታ ከጓዳ መጥቶ አፍንጫችን ሥር ቆመ። እኛም ቆመናል። ሆድ ያለ ዜማ ይዘምራል። እትዬ ሰብለ አልቻሉም፤ "አባ፣ በተራበ ምእመን ላይ ይህን ያህል ተአምር አይከብድም?" አሉ።

"ሰብለ!" አሉ ጋሽ ክንፈሚካኤል። "ተአምር ሲነበብ ጸጥ በዪ።"

"እኔስ ጸጥ ብያለሁ፤ ሆዴ ነው።"

አባ ሌላ ገለጡ። ከዚያ በላይ ስንት እንዳነበቡ አላውቅም፤ ድምፃቸው ሲሻክር ጠበል አቀበልናቸው። ከዚያ ሁሉ ራብተኛ አንድ ሰው እንኳን "በቃ፣ ለአምላኩ ይሰጥ" አላለም። እኔ ራሴ ሲርበኝ እናቴን የምረሳ ሰው፣ በልቤ "አንድ ብቻ ጨምሩ አባ፣ አንድ ብቻ" እያልኩ ነበር።

ከውጭ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አቻምየለሽ የተደረመሰውን አፈር በእግሯ ተሻግራ፣ ወዲህ ያገኘችው ጋሪ ላይ ቆማ ነበር የመጣችው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ነጠላዋ በንፋሱ የጋሪ ነጂው ጀርባ ላይ ተጠምጥሞ። በሩ ላይ ስትደርስ አቶ አምላኩ ራሱ ቀድሞ እልል አለ፤ በእውነት ጥሩ ሰው ነው። ጽዋውን በሁለት እጇ አነሳች፣ ተባረከ፣ አዞረችው። ጋሽ ክንፈሚካኤል አፋቸውን ከፍተው "የመስከረሙን ማን..." ሲሉ አፏ ሲንቀሳቀስ አየን። ጋሽ ቢሆነኝ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ አጎረሳት። እሷ እስክትውጥ እትዬ ሰብለ ጽዋውን ወሰዱ።

ፈተናውን እንዳለፈች የታወቀው በኋላ ነው። ያን ሰዓት ማንም አልጠየቃትም፤ እየበላን ነበር።

ሲመሽ ዝናቡ ቆመ። እናቷ ከነበሩባት የመደብ ጥግ ተቀምጣ አየኋት፤ ተቀምጣ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። ትምህርቱ አለቀ፣ ጾሙ ተፈታ፣ ዋንጫው ለሌላ ሄደ፣ ችግኙ ተተከለ። አንድ በአንድ አየችን። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣

"ታዲያ ነገ ስነሳ የት ነው የምሄደው?" አለች።

ጋሽ ቢሆነኝ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለላት።